የሠርጋችንን ቀለበት ራሴ ስነድፍ የገጠመኝ

ሙያዬ የሕንጻ ንድፍ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ለመጋባት ስንወስን፣ ቀለበታችንን ከወርቅ ቤት መስኮት ላይ መርጦ መግዛት ለሙያዬ የማይመጥን ነገር መስሎ ታየኝና ራሴ ካልነደፍሁት አልሁ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር በመስከረም መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ፤ ለሁለት ትናንሽ ቀለበቶች አራት ወር ከበቂ በላይ ነው ብዬ ነበር። ቀለበቶቹን የተረከብናቸው ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ከሚወዱት ሕንጻ ተነሥተው የጋብቻ ቀለበት ለማሠራት የሚያስቡ ሰዎች እኔ የከፈልሁትን ጊዜና ገንዘብ እንዳይከፍሉ፣ የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ንድፌ በላሊበላ የሚገኘው የቤተ ጊዮርጊስ ትንሽ ምስል ነበር። ሕንጻው ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ቅርጹም መስቀል በመሆኑ፣ በቀለበት አናት ላይ ቢቀመጥ ከዚህ የበለጠ የተክሊል ምልክት ከወዴት ይገኛል ብዬ አሰብሁ። 8 ሚሊሜትር በ8 ሚሊሜትር ስፋትና 9 ሚሊሜትር ቁመት ሰጠሁት፤ መስኮቶቹን፣ የሚቆምበትን ባለ ደረጃ መሠረት፣ በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች ሳይቀር አስገባሁ። በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ግሩም ነበር። ችግሩ ኮምፒውተር ላይ ቀለበትም ቤት አክሎ መታየቱ ነው። እኛ የሕንጻ ሰዎች ትልቁን ነገር መቶ ጊዜ አሳንሰን መሣል የለመድን ስንሆን፣ ቀለበት ዐሥር ጊዜ አሳድገው የሚሥሉት ነገር በመሆኑ እጃችን የለመደው ምጥጥን ሁሉ ተገልብጦ ይመጣል። በሕንጻ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ስንጥቅ በቀለበት ላይ ገደል ነው፤ በሥዕሉ ላይ ሰፊ በር የመሰለው ደግሞ በጣት ላይ ሲደርስ ዓይን አያየውም።

ንድፉን ይዤ የሄድሁት ፒያሳ ውስጥ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ነው። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ እንዲሁ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ለጣት ነው ወይስ ለቡፌ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስላልተዋጠልኝ ተከራከርኋቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ በወርቅ ከመሠራቱ በፊት በብር እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ፤ ለማንም ሰው አስቀድሜ የምሰጠው ምክር ይህንኑ ነው። የብር ናሙና ዋጋው አነስተኛ ሲሆን ክብደቱም ለስሌት ይረዳል፤ ያው ቅርጽ በ18 ካራት ወርቅ ሲሠራ የብሩን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚመዝን፣ ምን ያህል ወርቅ እንደሚፈጅ ከወዲሁ ይታወቃል።

ናሙናው በእጮኛዬ ጣት ላይ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። በሁለተኛው ቀን የነጠላዋን ጥለት ያዘና ክሩን መዘዘው። አናቱ ከቀሪው ክብ ይልቅ ስለከበደ ቀለበቱ በጣቷ ዙሪያ እየዞረ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ መዳፏ ይደፋ ነበር፤ የክብደት ማዕከልን በየቀኑ የማሰላ ሰው ሆኜ ይህን አስቀድሜ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እርሷ ነርስ መሆኗ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ጓንት ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች፤ የመስቀሉ ማዕዘኖች ጓንቱን ይቀዱታል። በሥራ ቦታዋም ጎልቶ የወጣ ጌጥ ወይም ፈርጥ ያለው ቀለበት አይፈቀድም። «ሥራ በሄድሁ ቁጥር የማወልቀው ከሆነማ፣ የምታገባኝ ለእሑድ ብቻ ነው ማለት ነው» አለችኝ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

በእርግጥ ሕንጻን እንዳለ በጣት ላይ ማስቀመጥ እኔ የጀመርሁት ነገር አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ በአናታቸው ላይ ትንሽ ቤት የተሠራባቸው የጋብቻ ቀለበቶች ነበሯቸው። በፈረንሳይ ኮልማር እ.ኤ.አ. በ1863፣ በጀርመን ኤርፉርት ደግሞ በ1998 ከተገኙት ተቀብረው ከነበሩ ሀብቶች መካከል እንዲህ ያሉ የ14ኛው መቶ ዘመን የወርቅ ቀለበቶች ይገኛሉ፤ በኤርፉርቱ ላይ በጎቲክ ስልት የተሠራ ግንብ ቆሞበታል፣ «ማዘል ቶቭ» የሚል የመልካም ምኞት ቃልም ተጽፎበታል። ቤቱ አዲስ የሚመሠረተውን ትዳር፣ እንዲሁም የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ያስታውሳል ይባላል። እነዚህ ቀለበቶች ግን ለሥርዓቱ ሰዓት የሚደረጉ እንጂ ሊጥ የሚቦካባቸውና ልብስ የሚታጠብባቸው እንዳልነበሩ ይታመናል። ስለዚህ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ቀለበቱ የአንድ ቀን ነው ወይስ የዘወትር የሚለው ነው፤ እኔ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሥዕል ጀምሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምንም አልነደፍሁም። አንድ ምሽት በተማሪነቴ ወደ ላሊበላ ያደረግነውን ጉዞ ሳስታውስ ትዝ ያለኝ ሕንጻው ሳይሆን ወደ ሕንጻው የተጓዝንበት መንገድ ነው። በቀላ ዓለት ላይ እየተራመድን ስንሄድ ከፊታችን አንዳች ነገር አይታይም ነበር፤ ግንብ የለም፣ ጉልላት የለም፣ የሚያስታውቅ ነገር የለም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ነው መስቀሉ ከእግራችን ሥር የተገለጠው። የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ በዙሪያው ካለው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ጎልቶ አይወጣም፤ ያለው ሁሉ ከመሬት በታች ነው። እኔ ግን ከዚህ ሕንጻ የወሰድሁት ቅርጹን ብቻ ነበር፤ ከጉድጓዱ አውጥቼ ተራራ ላይ እንደ መትከል ነው። ጓንት የሚቀድደውም፣ ነጠላ የሚይዘውም ያ ስሕተት እንጂ መስቀሉ አይደለም።

በማግስቱ አዲሱን ንድፍ በአንድ ቁጭታ ጨረስሁት። የእርሷ ቀለበት 5 ሚሊሜትር ስፋትና 1.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ ክብ ሆነ፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ 4 ሚሊሜትር የሚሆን መስቀል ወደ ውስጥ ተቀረጸበት፤ ከቀለበቱ ገጽ በላይ የሚወጣ ምንም ነገር የለም። በጣሪያው ላይ እንዳሉት ሦስት መስቀሎችም አንዱን በሌላው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ላወርዳቸው አሰብሁ። ጋሼ ንድፉን አዩና ያለ ካሊፐር፣ በዓይናቸው ብቻ፣ «ሦስተኛው የለም» አሉ። ተቀምጬ ስደምረው እውነታቸውን ነበር፤ የመስቀሉ ክንድ ስፋት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ በየጎኑ 0.4 ሚሊሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ የሁለተኛው መስቀል ክንድ 0.8 ሚሊሜትር ይሆናል፣ የሦስተኛው ዜሮ ነው። ደረጃውን ላጥበው ብላቸው ከዚህ ያነሰ ደረጃ ከውልወላ እንደማይተርፍ ነገሩኝ። ሁለት መስቀል ሆኖ ቀረ። ሦስቱ እንዲሟሉ ቀለበቱን ማስፋት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከጣቷ አጥንት ርዝመት አንጻር ከ5 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ጣቷን ማጠፍ ይከለክላታል። በሕንጻ ላይ ቦታው ሲጠበን መሬት እንጠይቃለን፤ ጣት ግን የሚጨመር መሬት የለውም።

እንዲህ ካለው ሥራ ይበልጥ ያስተማረኝ የጥላ ጉዳይ ነው። የተቀረጸ ድንጋይ የሚነበበው በጥላው ነው፤ ፀሐይ ስትዘነብል የደረጃው ጠርዝ ጥላ ይጥላል፣ ዓይንም መስመሩን ያያል። ወርቅ ግን ሲወለወል መስታወት ይሆናል፣ መስታወት ደግሞ ጥላ አይቀበልም። የመጀመሪያው የወርቅ ሙከራ ሙሉ በሙሉ ተወልውሎ ሲመጣ መስቀሉ በቅርብ እንኳ አይለይም ነበር፤ ወለሉም ዳሩም እኩል ስለሚያብረቀርቁ ሁሉም አንድ ሆነ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ቀጭን የብረት ጫፍ አነሡና የመስቀሉን ወለል ነጥብ በነጥብ ይወቅሩት ጀመር። አጉሊ መነጽራቸውን በዓይናቸው ላይ ቆልፈው፣ ቀለበቱን በእንጨት መቆንጠጫ ይዘው፣ እያንዳንዱን ነጥብ ትንፋሻቸውን እየያዙ ሲመቱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ወለሉ ደብዝዞ፣ ዳሩ እያበራ፣ መስቀሉ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ በግልጽ ተነበበ። በላሊበላ ግድግዳዎች ላይ የመሮው ምት እስከ ዛሬ ይታያል፤ ያን ጊዜ ያልተጠናቀቀ ሥራ አድርጌ አይቼው ነበር። በልሙጥ ብረት ላይ ጥልቀት እንዲታይ የሚፈልግ ሰው የጥልቀቱን መጠን ከመጨመር ይልቅ የወለሉን ልስላሴ ቢቀንስ ይሻለዋል፤ ጥልቀት ወርቅ ይበላል፣ ቀለበቱንም ያሳሳል፤ መወቀር ግን የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ጉድጓድ ካለ ውሃ ያቁራል። ይህን በሙያዬ ባውቀውም በቀለበቱ ላይ ያሰብሁት የብር ናሙናው መስቀል ውስጥ የደረቀ ሳሙናና ሊጥ ካየሁ በኋላ ነው። የላሊበላ ሠሪዎች ከመሬት በታች ስለሠሩ ዝናቡ ትልቅ ፈተናቸው እንደነበር ግልጽ ነው፤ ለጣሪያው አሸንዳ አወጡለት፤ በዙሪያው ያሉትን ቦዮችም ውሃ እንዲወጣባቸው አዘነበሏቸው። እኛም የመስቀሉን ሁለት የጎን ክንዶች ጫፍ በቀጭን ቦይ እስከ ቀለበቱ ዳር ድረስ ከፈትናቸው። አሁን በቧንቧ ውሃ ሥር ስትይዘው ይታጠባል፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከተጨመረ ደግሞ አንዳች አይቀርበትም። ቦዮቹ ለዓይንም ጠቅመዋል፣ ግን ለዚያ ብለን አልሠራናቸውም።

የእኔ ቀለበት ከአክሱም ነው የተነሣው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ረጅሙን ግድግዳ ቀጥ አድርገው አይሠሩትም፤ አንዱን ክፍል ወጣ፣ ቀጣዩን ገባ እያደረጉ ይሄዳሉ፤ በድንጋዩ መካከልም አግዳሚ እንጨት ያስገባሉ፤ አግዳሚዎቹን የሚያስሩት ተሻጋሪ እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። ይህን አሠራር በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ማየት ይቻላል። እኔ የወሰድሁት ወጣ ገባውን ነው፤ 6 ሚሊሜትር ስፋትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ክብ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የገቡና ያልገቡ ክፍሎች እየተፈራረቁ ይዞራሉ። የዝንጀሮ ራሶቹን ተውኋቸው፤ ኪስ ውስጥ እጅ በገባ ቁጥር የሚይዙ ጉብታዎች ከመሆን አያልፉም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያነሣብኝን ተቃውሞ ልጥቀስ። «የሕንጻውን ምስል ሳይሆን አሠራሩን ውሰድ» የሚለውን አዲሱን ሃይማኖቴን ስሰብክለት፣ «የአክሱም ሐውልት ራሱ ምስል አይደለምን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሮም ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከለው 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ ሆኖ ሳለ የማይከፈት በር፣ የማይታይባቸው መስኮቶች፣ ምንም የማይሸከሙ የእንጨት ጫፎች አሉበት፤ ፎቅ ቤት የመሰለ ድንጋይ ነው። መልስ ያገኘሁት ቆይቶ ነው፤ ሐውልቱ ቤቱን ቢመስልም የቤት ምጥጥን የለውም፤ ድንጋዩ እንዲቆም በሚፈልገው ልክ ቀጥኗል፣ ቅርጹም ከገጹ ብዙም አይርቅም። ምስል መውሰድ ክልክል አይደለም ማለት ነው፤ የሚወሰደው ግን ወደ አዲሱ ቁስ ሕግ ተተርጉሞ መሆን አለበት። ቡልጋሪ የተባለው የሮም ጌጣጌጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ቢ ዜሮ ዋን የተባለውን ቀለበት ሲያወጣ መነሻዬ ኮሎሲየም ነው ብሏል፤ በቀለበቱ ላይ ግን አንድም ቅስት አይታይም፤ የቀረው ክቡና ድርብርቡ ነው።

የወርቁን ጉዳይ በአጭሩ ልግለጽ። በወጣ ገባው ምክንያት የእኔ ቀለበት ሊመዝን ከነበረው 12.9 ግራም ላይ 1.7 ግራም ያህል ቀንሷል፤ የእርሷ 8 ግራም ገደማ ነው። ይህን ስሌት ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ የቀለበቱን አማካይ ዙሪያ በስፋቱና በውፍረቱ አባዝቶ፣ የተገኘውን ኪዩቢክ ሚሊሜትር ለሺህ አካፍሎ፣ ለ18 ካራት በ15.5 ማባዛት ነው። የካራቱ ምርጫ ቤተሰብ ውስጥ ትንሽ ውዝግብ አስነሥቶ ነበር። እናቴ 21 ካልሆነ ምኑን ወርቅ ሆነ ባይ ናት፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ ለሀብትነት የእርሷ ሐሳብ ያስኬዳል። ነገር ግን የወርቁ ንጽሕና በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ንድፉ በሹል ጠርዝ ላይ የቆመ ከሆነ ጠርዙ ቶሎ ይደነዝዛል። ጠርዝ ለሚፈልግ 18 ይሻላል። ለእናቴ ክብር ስንል የጥሎሹ ሐብል በ21 ተገዛ።

ቀለበቶቹ በሰም ነው የተቀረጹት። ሰሙ በጀሶ ይለበጥና እቶን ውስጥ ይገባል፤ ሰሙ ቀልጦና ተቃጥሎ ሲወጣ በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቅኔ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ሰሙ ሲሄድ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ወርቅ ሲቀዘቅዝ በትንሹ እንደሚኮማተርና ሞረዱና የብርጭቆ ወረቀቱም የየድርሻቸውን እንደሚወስዱ ነው፤ ስለዚህ ሰሙ ከሚፈለገው ልክ በትንሹ ከፍ ብሎ፣ ጎድጓዳውም ጠለቅ ብሎ መቀረጽ አለበት። በሥዕሉ ላይ የጻፍሁት ቁጥር በጣቴ ላይ እንዲገኝ መጠበቄ ከንቱ ነበር።

አንድ ሳልናገር የማላልፈው ጥፋት የራሴ ነው። የጣቴን ልክ የወሰድሁት በጥቅምት ጠዋት፣ ቁሩ ጣት በሚያኮማትርበት ሰዓት ነበር። ቀለበቱ ተሠርቶ ሲመጣ ከቀትር በኋላ አልገባ አለ። ልሙጥ ቢሆን ኖሮ በመለኪያው ዘንግ ላይ ወይ ይለጠጣል፣ ወይ ተቆርጦ ቁራጭ ይጨመርበታል፤ የእኔ ግን ንድፉ ዙሪያውን ሙሉ ስለያዘ የትም ቢቆረጥ አንዱ ክፍል ይበላሻል። ጋሼ ቶሎ እንዲያልቅ ሌላ ሱቅ ውስጥ ላለ ልጅ ሰጡት፤ እርሱም ቆርጦ፣ ቁራጭ ጨምሮ፣ በየደው። በመዳፌ በኩል አንዱ ገባ ያለ ክፍል አሁን ከሌሎቹ ይጠብባል፤ የብየዳው መስመርም ቀለሙ ትንሽ ገረጣ ያለ ነው። ሠርጉ ስድስት ቀን ስለቀረው እንዲሁ ተቀበልሁት። ዙሪያውን የሚሄድ ንድፍ የሚፈልግ ሰው በመዳፍ በኩል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልሙጥ ቦታ ይተውለት፤ ጣት ከዕድሜና ከእርግዝና ጋር ይለወጣልና። ልኩንም ከቀትር በኋላ፣ ሰውነት ሞቅ ሲል ይውሰድ፤ ሰፊ ቀለበት ከቀጭኑ ይልቅ እንደሚያጠብቅም ያስብ።

አሁን ሁለት ዓመት አልፏል። የእርሷ ቀለበት አንድም ጓንት አልቀደደም፤ ሥራ ላይም አታወልቀውም። የሚያብረቀርቀው ዳር ግን ከአልጋ ብረትና ከበር እጀታ ጋር እየተፋጨ ደብዝዟል፤ ወለሉ ከገጹ በታች ስለሆነ ነጥቦቹ እንደተወቀሩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ጥር መስቀሉ ከዳሩ የሚለይበት ልዩነት ቀንሶ አገኘነውና ወደ ጋሼ ወሰድነው። ዳሩን ብቻ ወልውለው ሲመልሱልን ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። «በየዓመቱ እንዳታመጡት» አሉን፤ እያንዳንዱ ውልወላ ከላይ ጥቂት ስለሚያነሣ፣ የመጀመሪያው ደረጃ 0.3 ሚሊሜትር ጥልቀቱ ሳያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚወለወል በጣቶቻቸው እየቆጠሩ፣ ለሚቀጥለው በሦስተኛው ዓመት ቀጠሩን።